ከበሬሳ እስከ ባሕር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ለሌላት አገር የባሕር ብክለት ምኗ ነው የሚል ሰው ደብረ ብርሃን መጥቶ ክረምት ሲወጣ የበሬሳ ወንዝን ዳር ይየው። ጎርፍ ያመጣው ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በጎች እዚያው ሥር ሣር ይነጫሉ። በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ፣ ዓባይ ሜዲትራኒያን።

መንግሥታት በ2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ አስገዳጅ ስምምነት ሊያዘጋጁ ወስነው ነበር። በኅዳር 2017 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን፣ በነሐሴ 2017 ጄኔቫ ተሰብስበው ግን ሳይስማሙ ተለያዩ። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ምርቱ ራሱ ይገደብ ሲሉ፣ አንዳንድ ነዳጅ አምራቾች የቆሻሻ አያያዙ ይሻሻል እንጂ ምርቱ አይነካ አሉ። ውሳኔው ሁሉም ካልተስማማ አያልፍም ስለተባለ ጥቂቶች ብዙኃኑን አስረው ያዙ። ይህ ያንገበግበኛል። ድምፅ ይሰጥበት!

በእኛም አገር የ1999ኙ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማውም። በግንቦት 2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የከተማችን አስተዳደር ከጅምላ አከፋፋዩ ይጀምር እንጂ ጉልት ላይ የተቀመጠችውን ሽንኩርት ሻጭ አያሳድድ። እርሷማ ምን ተክታ እንደምትይዝ፣ በስንት ብርም እንደምታገኘው አስቀድሞ ይነገራት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን