ተርሂል ለገቡት ልጆቻችን ጅማ ላይ አንድ ጠረጴዛ ስጡን

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ በሰው አገር ስለታሰሩ የጽዳትና የቤት ሠራተኞች

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል የእናትየው ስልክ ጮኸ። የኢሞ የድምፅ መልእክት ነው፣ 11 ሰከንድ። «እማዬ፣ ተርሂል ገብቻለሁ። ስልኩ የኔ አይደለም፣ እንዳትደውይ።» አለቀ። ተርሂል ማለት ሳዑዲ ውስጥ ከአገር የሚባረሩ ሰዎች የሚታሰሩበት ቦታ ነው። እናትየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ከፈተችው። ሰባቴ ይሁን ስምንቴ፣ መቁጠሩን ተውነው። ቡናው ጀበናው ውስጥ ቀዘቀዘ።

ልጅቷ ሳዑዲ የሄደችው በኤጀንሲ፣ ኮንትራት ፈርማ፣ አሻራ ሰጥታ ነው። ይህን የምለው «በሕገወጥ መንገድ ሄዳ፣ የእጇን አገኘች» የሚል ስለማይጠፋ ነው። (በበረሃ የሄደችውስ ሰው አይደለችም ወይ? እሱን ለሌላ ቀን።) ማዳሟ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ የስድስት ወር ደሞዝ ያዘችባት። ስትጠይቅ ስልኳን ነጠቀቻት። ጠፍታ ወጣች፤ ጅዳ ውስጥ በተመላላሽ ቤትና ቢሮ ማጽዳት ጀመረች። ማዳሟም «ሁሩብ» አስገባችባት፣ ጠፍታብኛለች ብላ አስመዘገበች ማለት ነው። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና አሠራር ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ የታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው። አሠሪ ጠፋች ካለ፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ዛሬ ሹርጣ (ፖሊስ) ባየች ቁጥር የምትደበቅ ትሆናለች። ደሞዟን የበላችው ሴት ግን ቤቷ ተቀምጣለች።

ማክሰኞ ዕድራችን ተሰበሰበ። ዕድር ለሞተ ነው እንጂ ለታሰረ አይደለም ብሎ የተከራከረ አንድ ሽማግሌ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን መጀመሪያ እጁን ኪሱ የከተተው እሱ ነው። የመርካቶ ነጋዴዎች አዋጡ፣ ባጃጅ ነጂዎች አዋጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ከዚያ ከሰቃ መጡ፣ ከአጋሮ መጡ፣ «የኔም ልጅ እዚያው ናት» እያሉ።

እንዲህ ያለ ነገር እኛ አልጀመርነውም። ለንደን ውስጥ ሶአስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አማርኛም ሲማሩበት ኖረዋል። በሰኔ 2001 አሠሪው የጽዳት ሠራተኞቹን በማለዳ ለስብሰባ ጠራቸው። የኢሚግሬሽን ፖሊስ ተደብቆ ይጠብቃቸው ነበር፤ ዘጠኙ ተያዙ። አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ናቸው። ያን ሰሞን ተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ ቢሮ ያዙ። ከተያዙት ከአገር የተባረሩትን ማስቀረት አልቻሉም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ዝም አላሉም። በኋላ ዩኒቨርሲቲው የጽዳት ሠራተኞቹን ከኮንትራክተር አውጥቶ የራሱ ቅጥር አድርጓቸዋል።

የቤሩቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2012 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ልጆቻችንን በመኪና እያመጡ ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጣሏቸው። ምግብ፣ የቤት ኪራይ፣ የአውሮፕላን ትኬት ሲያፈላልጉ ከነበሩት መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አለ። ያቋቋሙት ራሳቸው ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው።

እኛም የቻልነውን እናደርጋለን። ገንዘብ ግን ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው የመጓጓዣ ወረቀት፣ አይሆንም። ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ የቀረ ልጅ ያለዚያ ወረቀት አውሮፕላን አትሳፈርም። ወረቀቱን የሚሰጠው የመንግሥት ቆንስላ ነው፣ ዕድር አይደለም። የተበላ ደሞዝ መጠየቅም እንደዚሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ቪዛውንም የደርሶ መልስ ትኬቱንም ኢንሹራንሱንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሠራተኛ አታሼም፣ በኤምባሲው የሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው፣ ይመደብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ እናትየው አታሼውን በየት በኩል ታገኘዋለች?

ሐሙስ ዕለት ከእናትየው ጋር አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም። መስኮቷ ላይ ያለው ልጅ ትሑት ነው። «እማማ፣ ይህ እኛን አይመለከትም፣ አዲስ አበባ ይሂዱ» አላት። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሷ ደግሞ እንጀራ ሸጣ አዳሪ ናት። ሄዳስ የትኛውን በር ታንኳኳ?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ጅማ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሠራተኛ። የታሰረችውን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የኤጀንሲዋን ስም ይመዝግብ። ለቆንስላው ያስተላልፍ። በሳምንት ውስጥ «አግኝተናታል» ወይም «አላገኘናትም» ይበለን፤ አላገኘናትም ማለትም መልስ ነው። ልጅቷ ከመሳፈሯ በፊት ደግሞ ያልተከፈላትን ደሞዝ የሚጽፍላት ሰው ይኑር። በ2006 ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ቦሌ ላይ ውኃና ብስኩት ሰጥተን ተቀበልናቸው። ስንቱ ባዶ እጁን እንደመጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

የዕድሩ ጸሐፊ ሰማያዊ ደብተር ይዟል። እስከ ትናንት ማታ 14 ስም ተጽፎበታል፣ አንዳንዱ ከነፎቶ ኮፒው። የምትልኩት ሰው ዘወትር እሑድ ከሰዓት ያገኘናል። ቡና አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
የሄርማታ ዕድር አባል፣ ጅማ