ኤሲ ከመቀየራችሁ በፊት ቤቱ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ መብራት ቢል መናር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ዋናው ነገር ቀርቶበታል። ቤት ውስጥ ትልቁን ኃይል የሚበላው ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ነው። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ የኤሲና የማሞቂያ ቴክኒሻን ነኝ። አሌክሳንድሪያና ውድብሪጅ፣ አልፎ አልፎም ወንዙን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ እሠራለሁ። የወገኖቼን ቤዝመንት በደንብ አውቀዋለሁ።

የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አሮጌው ኤሲ ሲሞት ሻጭ ይጠራል። ሳሎን ቁጭ ይላል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ከዚያ «ሲንግል ስቴጅ ድሮ ቀረ፣ ቱ ስቴጅ ግዙ» ይላል። ሜትር አያወጣም። መስኮት አይቆጥርም። አቲክ ወጥቶ ኢንሱሌሽኑን አያይም። የድሮው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ያይና ያንኑ፣ ወይም ከፍ ያለውን ይጽፋል።

ሲንግል ስቴጅ የሚባለው ወይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ወይ ይጠፋል። መሐል የለውም። ቱ ስቴጅ ግን ዝቅ ያለ ደረጃ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከሙሉ ኃይሉ ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ይቆያል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ላይኛው ይወጣል። ከዚህ የሚያልፍ፣ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ የሚቀያይር ኢንቨርተርም አለ፤ እሱን ለዛሬ ልተወው።

እዚህ አካባቢ ሰመር ላይ ከሙቀቱ ይልቅ እርጥበቱ ነው ሰው የሚያሰቃየው። አየሩ ማሽኑ ውስጥ ባለው ቀዝቃዛ የቱቦ ጥቅል፣ ኮይል በሚባለው ላይ ሲያልፍ ውሃው እዚያው ይቀርና በቱቦ ይወርዳል። ውሃው ተጠራቅሞ መውረድ እስኪጀምር ግን ማሽኑ ሳይጠፋ ትንሽ መቆየት አለበት። ማሽኑ ለቤቱ ከበዛ በ6 በ7 ደቂቃ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የጠየቀውን ያደርስና ይጠፋል። ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ግን የትም አይሄድም።

ውድብሪጅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ነው። ቤቱን ስለካው 2 ቶን ተኩል ይበቃዋል፤ የተገጠመው ግን 4 ቶን ሲንግል ስቴጅ ነው። 1 ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት ማውጣት ነው። ቴርሞስታቱ 72 ፋራናይት ይላል። አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው የቆዳ ጫማ ሻግቷል። እማማ ቤዝመንት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ላይ የልጆቹ ክፍል ደግሞ ያፍናል። የውሃ መውረጃውን ቱቦ ጫፍ በጣቴ ነካሁት፤ በጁላይ ደረቅ ነው። የእርጥበት መለኪያዬ 66 በመቶ አሳየኝ። ከ60 ካለፈ ለሻጋታ ተመቸው ማለት ነው። ማሽኑ አዲስ ነው፣ አንድም የተበላሸ ነገር የለውም።

ቤተሰቡ «ታዲያ በቱ ስቴጅ እንቀይረው?» አሉኝ። እንዲህ ላለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቱ ስቴጅ እውነትም ጥሩ ነው። ረጅም ሰዓት በቀስታ ስለሚሠራ ፎቆቹን ያቀራርባል፣ እርጥበቱንም ያወጣል። ግን የመጣላቸው ፕሮፖዛል አሁንም 4 ቶን ነበር። የ4 ቶን ዝቅተኛው ደረጃ ራሱ 2.7 ቶን ገደማ ነው። ቤቱ በሐሩሩ ቀን ከሚፈልገውም ይበልጣል! ትልቅ ገንዘብ ከፍለው እዚያው ችግር ውስጥ ሊገቡ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶ ከሆነ ደግሞ በልኩ የተገጠመ ሲንግል ስቴጅ ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ አየር የሚያፈሰውን ደክት፣ ማለትም አየሩ ወደ ክፍሎቹ የሚሄድበትን ቱቦ፣ ማሸጊያ ያድርጉት።

ሽቦውም ነገር አለው። አንድ ቤት ቱ ስቴጅ ኤሲ ተገጥሞ ሁለተኛው ደረጃ አይነሳም። ቴርሞስታቱን ከግድግዳው ሳነሳው ሁለተኛውን ደረጃ የሚያስነሳው ሽቦ የሚገባበት፣ ዋይ 2 የሚለው ቀዳዳ ባዶ ነው። የድሮው ገመድ አንድ ሽቦ አጥሮት ነበር፤ ገጣሚው ዝም ብሎ ዘጋው።

ዊንተር ላይ ቢሉን የሚያንረው ሌላ ነው። ጋዝ የሌለው ቤት ብዙውን ጊዜ የሚሞቀው ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት በሚያስገባው በሂት ፓምፕ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው የማሽኑ ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ ነው፤ እሱ ሲያቅተው የሚነሳው ተጨማሪ ደረጃ እንደ ምድጃ የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ብርዱ መለስተኛ ሲሆን ሂት ፓምፑ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት የ3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያመጣል። ሽቦው ግን ከ1 አያልፍም። የሌሊት ሥራ የሚገቡ ወገኖች ሲወጡ ወደ 60 ያወርዱትና ጠዋት በርዷቸው ሲመለሱ 74 ያደርጉታል። ያኔ ቴርሞስታቱ ላይ ኦግዚለሪ ሂት የሚል ይመጣል፤ ያ የሽቦው ማሞቂያ ተነሳ ማለት ነው። ባለ 10 ኪሎዋት ሽቦ አንድ ሰዓት ከነደደ 10 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። እባካችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ብቻ አውርዱት።

አዲስ አበባ ያደግሁበት ቤት ማሞቂያም ኤሲም አልነበረውም፤ ሲበርድ ጋቢ ነው። ስለዚህ ወገኔ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። ሻጩ ግን ያውቃል። ቤቱ ምን ያህል ማቀዝቀዣና ማሞቂያ እንደሚፈልግ የሚሰላበት ማኑዋል ጄ የሚባል ስሌት አለ፤ «ወረቀቱን አሳየኝ» በሉት። የታክስ ቅናሽ አለ ብሎ ከነገራችሁም፣ ለኤሲና ለሂት ፓምፕ የነበረው የፌዴራል ቅናሽ ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ እንደማይሠራ ንገሩት።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የኤሲ ማስታወቂያ ስትቀበሉ የኮንትራክተሩን የፈቃድ ቁጥር ጠይቃችሁ አብራችሁ አትሙት። ቨርጂኒያ ውስጥ አንባቢ ቁጥሩን ይዞ ዲፖር በሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የኤሲ ቴክኒሻን፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ