ስድስቱ ካርቶኖች
ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አስገብቻለሁ፤ የመዝገብ ቤታችሁ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች በእጄ ይገኛሉ። መልስ ፍለጋ በተመላለስኩባቸው ቀናት ሁሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል መምህር ነኝ። በክፍሌ 61 ልጆች ተመዝግበዋል። ከእነሱ አንዱ ኦቲዝም ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ቤት ተቀምጧል።

በመስከረም ሲመጣ አላወቅሁበትም ነበር። «ዳቦ ትፈልጋለህ?» ስለው «ዳቦ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይመልስልኛል፤ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ። እንደራበው የሚናገርበት መንገድ ያ መሆኑን የነገረችኝ እናቱ ናት። ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ጆሮውን ይዞ ዴስክ ስር ይገባል፤ እጁን እስኪደማ ይነክሳል። ክንዱን ይዤ ጎትቼ አውጥቼዋለሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል። «መምህር፣ ቀድመው ከነገሩት እኮ አይደነግጥም» አለችኝ እናቱ አንድ ቀን ጠዋት፣ በር ላይ ቆማ።

በዚያ ሳምንት ከሱቅ የሩዝ ካርቶን ለምኜ ስድስት ካርዶች ቆረጥኩ። በማርከር ሰልፍ፣ ንባብ፣ ቁጥር፣ ዕረፍት፣ ሥዕልና ቤት ሣልኩባቸው፤ ከመቀመጫው አጠገብ በስድስት ምስማሮች ላይ በተርታ ሰቀልኳቸው። አንዱ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ካርዱን አውርዶ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያያል። ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ረጅም ንግግሬን ትቼ «ተቀመጥ»፣ «ደብተር አውጣ» ማለት ጀመርኩ። ቁጥር የሚለው ካርድ ሲወርድ ደግሞ ጥበቃችን መጥተው እጁን ይዘው ይወስዱትና ቸርኬውን እንዲመታ ብረቱን ይሰጡታል። ድምፁን እሱ ራሱ ሲያሰማው አልፈራውም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ዴስክ ስር አልገባም። በጥቅምት መጨረሻ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈ።

በኅዳር የእርስዎ ሱፐርቫይዘር ለክፍል ምልከታ መጡ። ልጁ ከጥበቃው ጋር ሊወጣ ሲነሣ «በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይወጣም» ብለው በሩን ዘጉ። እንዲያዳምጡኝ ለመንኳቸው። ደወሉ ተደወለ። ልጁ ዴስክ ስር ገብቶ ጮኸ፤ ሱፐርቫይዘሩ እግሩን ይዘው ጎተቱት፤ 60 ልጆች እያዩ በሲሚንቶው ወለል ላይ በደረቱ ተጎተተ። ተራግጦ ሱሪያቸውን አቆሸሸ። በምልከታ ቅጹ ላይ «ሥርዓት የለሽ ተማሪ፣ ደካማ የክፍል አያያዝ» ተብሎ ተጻፈ። ካርቶኖቹም «ከደረጃ በታች» ተብለው በዚያው ሰዓት እንዲወርዱ ታዘዘ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። ባዶዎቹን ምስማሮች አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው፤ ስድስቱንም። ከዚያ ቆርቆሮውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አየ። የሚቀጥለውን የሚነግረው ነገር ስላልነበረ ዕረፍት እስኪደርስ እዚያው ቆሞ ቀረ። በሦስተኛው ቀን «ለሚመጥነው ተቋም እስኪሰጥ ቤቱ ይቆይ» የሚል ደብዳቤ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት መጣ።

የትኛው ተቋም ነው ክቡር ኃላፊ? ዘሚ የኑስ ልጇን ይዛ ተንከራትታ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ እሷም በ2013 ዓ.ም. አርፋለች። እስከ ዛሬ ያሉት ማዕከላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእኛ ሰፈር መገናኛ ለመድረስ ብቻ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አሁን እንጀራውን ልታደርስ ስትወጣ በሩን ከውጭ ቆልፋበት ትሄዳለች። ይህን ስትነግረኝ ወለል ወለሉን ነበር የምታየው።

ሕጉን ያውቁታል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ካወጣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት አለፈ? በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እኔ ስለ ኦቲዝም የአንድ ቀን ሥልጠና አላገኘሁም። በጥቅምት የጻፍኩልዎት የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

የማውቀው ጥቂት ነው፤ እሱንም ከአንዲት እናትና ከአንድ ልጅ ተማርኩት። ጩኸት ሲበዛበት የሚያለቅስ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ጥግና ጊዜ ነው። አገጩን ይዞ «ዓይኔን እያየህ ስማኝ» ማለት መስማቱን ያከብድበታል። ደግሞስ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት አታፍጥጡ እያልን የምናሳድግ ሰዎች፣ ይህን ልጅ ለምን አላፈጠጠብንም ብለን እንቆጣዋለን? ፕሮግራም የሚለወጥ ከሆነ ቀድሞ ይነገረው። ለዚህ ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎን አንድ ብር አላስወጣሁትም።

የአፈጻጸም ውጤቴን ቢቀንሱት አልከራከርዎትም። ልጁ ግን ይመለስ። ያ ደብዳቤ ይሻር፤ ለምልከታ የሚልኳቸው ሰዎችም ከእኛ ቀድመው ይሠልጥኑ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለደረሰበት ነገር እናቱ ይቅርታ ትጠየቅ።

ካርቶኖቹ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ምስማሮቹን አልነቀልኳቸውም። እናቱ ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ልጇን ይዛ በር ላይ ትገኛለች። ጥበቃው እንዲያስገቧቸው የሚያዝ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

የ1ኛ ክፍል መምህሩ