"ተራ ድብድብ" ተብሎ ስለተመዘገበው ልጅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ

ባለፈው ሰሞን ስለ ውጭ አገር የጥላቻ ወንጀል፣ ማለትም ሰው በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ተጠልቶ ስለሚመታበት፣ ያወጣችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ፣ ሰፈራችን ቡና ላይም ወሬው እሱ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ "ተመስገን ነው፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለች፣ ሌሎቹም እውነትሽን ነው አሏት። እኔ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም ከዛው ቤት አለፍ ብሎ እጁ በጄሶ ታስሮ ሁለት ወር የተቀመጠ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ልበል፣ ቁጥር ሲነበብ አንድ ነገር የሚዘነጋ ይመስለኛል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በፈረንጆቹ 2022 11,634፣ በ2023 11,862፣ በ2024 ደግሞ 11,679 የጥላቻ ወንጀል ድርጊቶች ለፖሊስ እንደደረሱ ነው ያወጣው። ግን የ2021ን እዩት። መጀመሪያ 7,262 ተብሎ ሲወጣ የቀነሰ ይመስል ነበር፣ የቀነሰው ግን ጥላቻው ሳይሆን ሪፖርት የላከው ፖሊስ ነው፣ ወደ አዲስ የመረጃ ሲስተም ሲዞሩ እንደ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ያሉት ትልልቅ ከተሞች ሳይገቡበት ቀሩ፣ ከወራት በኋላ ተሟልቶ ሲወጣ 10,840 ሆነ። እሱም ቢሆን ለፖሊስ የተነገረው ብቻ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ሲጠይቁ ከተበደለው ግማሽ ያህሉ ለፖሊስ ሄዶ አልተናገረም። ካናዳም እንደዛው፣ ፖሊስ የመዘገበው በ2019 ወደ 1,950 አካባቢ የነበረው በ2023 4,777 ደርሷል፣ ግን ሕዝቡን በጥናት ሲጠይቁት ሪፖርት ያደረገው ከአምስት አንዱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ጨመረ ሲባል ጥላቻው ጨምሮም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ደፍሮ መናገር ጀምሮም ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ነው። ቁጥር የሌለው አገር ግን ምኑም አይታወቅም።

ደግሞ ይሄ ነገር ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሙሉጌታ ሥራውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፣ ለትምህርት ብሎ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነበር፣ በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ ከተማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጸጉራቸውን የተላጩ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ገደሉት። የተገደለው በዘሩ ምክንያት መሆኑ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ በ1990 ደግሞ ጥላቻውን ሲሰብኩ የነበሩት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። አሜሪካ የጥላቻ ወንጀል እንዲቆጠር ሕግ ያወጣችውም በዛው በ1990 ነው። ሕጉ በሱ ሞት ብቻ መጣ እያልኩ አይደለም፣ ግን የኛ ልጅ በሰው አገር ሲሞት ለምን እንደሞተ ተጽፎለታል።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልምጣ። ልጁ ነገደ ወይጦ ነው፣ ጣና ዳር ከሚኖረው ትንሽ ማኅበረሰብ። አባቱም አያቱም ታንኳ ሠሪ ናቸው፣ እሱም ጎሕ ሲቀድ ጣና ዳር ወርዶ ደንገል ያጭዳል፣ ተሸክሞ ያመጣል፣ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ያደርቃል፣ እየጠፈረ ታንኳ ያወጣዋል፣ ቱሪስት በነበረ ጊዜ በእጅ የምትያዝ ትንሽዬ ታንኳም ሠርቶ ይሸጥ ነበር። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ በዚህ ሲያልፍ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፣ ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ እንደኛው አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጉማሬ ያድኑ ነበር ተብሎ ግን ስድቡ እስከ ዛሬ አልጠፋም፣ በአንድ ሳህን አብሯቸው የማይበላ ሰውም በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኛው ዘንድ፣ እዚሁ ባሕር ዳር።

ሚያዝያ ላይ ልጁ ደንገሉን ተሸክሞ ሲመጣ የእርጥቡ ጫፍ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ጎረምሳ ሱሪ ላይ ነካ። ይቅርታ አለ። "አንተ ጉማሬ በላ፣ ማን ከሰው መንገድ ላይ አወጣህ" ተባለ፣ ሁለት ሌሎች ተጨመሩና መሬት ላይ ጥለው ረገጡት፣ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ደንገሉን አስፋልቱ ላይ በታትነው ባጃጅ ሲሄድበት ነው የደረስኩት።

ፖሊስ ጣቢያ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ተረኛው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወንበር ስቦልን ቃሉን በትዕግስት ሰማው። ሲጽፍ ግን የጻፈው "ተራ ድብድብ" ነው። ስድቡስ ብዬ ብጠይቀው "እናቴ እሱን የምጽፍበት ቦታ የለኝም" ብሎ መዝገቡን ወደኔ አዞረልኝ። ቀን አለ፣ የከሳሽ ስም አለ፣ የተከሳሽ ስም አለ፣ የወንጀሉ ዓይነት አለ። ለምን የሚል የለም። በሳምንቱ ሽማግሌ ገባ፣ የመቱት ልጆች የሕክምናውን ከፈሉ፣ ታረቁ፣ ፋይሉም ተዘጋ። በእርቅ ላይ ክፉ አልናገርም፣ ደም ያደረቀ ትልቅ ነገራችን ነው፣ ግን ሽማግሌ ፊትም ቢሆን ስለተሰበረው እጅ እንጂ ስለ ስድቡ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ልጁም መሬት መሬቱን እያየ ነው የተቀመጠው። ሲወጣ "እትዬ፣ ቀድሞም መክሰስ አልነበረብኝም" አለኝ። ይሄ ልጅ ነገ ቢመታ ጣቢያ የሚሄድ ይመስላችኋል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 84 ወንጀሉ በጥላቻ ተነሳስቶ ከተፈጸመ ቅጣቱን እንደሚያከብድ ይናገራል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012ም አለ፣ ለተናጋሪው እስከ 2 ዓመት፣ በንግግሩ ምክንያት ሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ግን ተረኛው ፖሊስ ካልጻፈው ዐቃቤ ሕጉ ከየት አግኝቶ ይጠይቃል፣ ዳኛውስ ምኑን አይቶ ያከብዳል። ስንት ዓመት ሙሉ መታወቂያችን ላይ ብሔር የሚል ቦታ ነበረን፣ ሰው በብሔሩ ሲመታ የሚጻፍበት አንድ መስመር ግን አጣን። በዚህ አገር በማንነቱ የተፈናቀለውን፣ ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ የመጣውን ተማሪ ሁሉ አስቡት፣ የአማራውም የሌላውም እናት ልጇ ለምን እንደተመታ የሚነግራት ወረቀት የላትም።

ፖሊስ አሁን ባለው ሁኔታ ስንት ነገር ላይ እንደተወጠረ አውቃለሁ። ብዙ አልጠየቅኩም፣ መዝገቡ ላይ አንዲት መስመር ናት። እንግሊዞቹ እንኳን ተበዳዩ ወይም ያየ ሰው በጥላቻ ነው ካለ ፖሊስ እንደዛው ይመዝግበው ነው የሚሉት፣ ማስረጃው በኋላ ይጣራል።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የዓመቱ የወንጀል ሪፖርት ሲቀርብ ሪፖርተራችሁ እጁን አውጥቶ ይጠይቅልኝ፣ ከነዚህ ውስጥ ሰው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በወገኑ የተመታበት ስንት ነው ብሎ። መልሱ "አንመዘግብም" ከሆነም እሱኑ እንዳለ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር