ጉዳዩ፦ ስለ 7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ለልጆቻችሁ በተሰጠው፣ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አመጣጥ ከየት እንደሆነ በሚያስፈልገው የቤት ሥራ ምክንያት ሦስት ወላጆች ቢሮዬ መጥተው ነበር። «ልጁ ስፔሊንግ ይለማመድ እንጂ የግሪክና የላቲን ነገር ምን ያደርግለታል?» ነው ቅሬታቸው። እውነቱን ለመናገር፣ መምህሩ መጀመሪያ ሲያማክረኝ እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር።

ነገሩ የተነሳው ግን ከስፔሊንግ ነው። አንዲት ተማሪ «ስኩል» (ትምህርት ቤት) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስትጽፍ ኤችን ዘለለቻትና በቀይ ተሰመረባት። «የማትነበብ ከሆነ ለምን ትጻፋለች?» አለች። የልጅቷ ጥያቄ ልክ ነው። የድሮዎቹ እንግሊዞችም ያለ ኤች ነበር የሚጽፉት። ቃሉን ያገኙት ከላቲኑ «ስኮላ» ነው፤ ላቲን ደግሞ ከግሪኩ «ስኾሌ» ወስዶታል። ኋላ ላይ የላቲኑን አጻጻፍ የሚያከብሩ ጸሐፊዎች ፊደሏን መልሰው ሰኳት።

ትርጉሙ ይብሳል። «ስኾሌ» መጀመሪያ ትርፍ ጊዜ፣ ዕረፍት ማለት ነበር። ሥራ የሌለበት ሰው ተቀምጦ የሚወያይበት ጊዜ ማለት ነው። ውሎ አድሮ ውይይቱም፣ የሚወያዩበትም ቦታ በዚያው ስም ተጠራ። ግሪኮች ሥራ መያዝን «አስኾሊያ» ይሉታል፤ ዕረፍት ማጣት እንደማለት። እኛ ግን ሥራውን እናስቀድምና «ሥራ ፈት» እንላለን፤ ያውም ለስድብ። ይህን ክፍል ገብቼ ስናገር ከኋላ ወንበር አንዱ «ታዲያ ዛሬ እንረፋ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እግረ መንገዴን አንድ ስህተቴን ልናዘዝ። እንግሊዝኛ የዓሣ መንጋንም «ስኩል» ይለዋል። ለዓመታት «ዓሦቹ እንደ ተማሪ አብረው ስለሚሄዱ ነው» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ለካ ሌላ ቃል ነው! ከደች የመጣ፣ መንጋ ማለት ነው። ድምፃቸው ገጠመ እንጂ አይዛመዱም። መምህሩ ያረመኝ በልጆቹ ፊት ነው።

እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቃል መርጧል። እባካችሁ ስልካችሁን ሰጥታችሁ መልሱን አታስገልብጧቸው፤ መዝገበ ቃላት ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አለ። አያት ቤት ካሉ ደግሞ «አስኳላ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ከማን እንደሰሙት ይጠየቁልን። እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ደብተሩ እስከ አርብ ይመለስ።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ