ለአባቴ፦ ስለ ዳማ አስታመም

ይድረስ ለውድ አባቴ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ የደሴን የኅዳር ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የእህቴ ልጅ በካርቶን ይዞልዎ የመጣው ጥንቸላችንን ዳማን ነው። የማኮላሸቱ ቀዶ ሕክምና ትናንት በሰላም ተጠናቋል። ሌሊት እኔ ዘንድ አድሮ ድርቆሽ ሲቆረጥም ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በስልክ ብዙ ነገር ስለሚዘነጋ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

በሬ ሜዳ ላይ ተኮላሽቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ መስክ ሲመለስ ያዩ ሰው ስለሆኑ፣ ለጥንቸል ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምንድን ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ጥንቸል ግን ሌሎች አውሬዎች የሚያድኑት ፍጥረት ነውና ሕመሙን ይደብቃል። ሲያመው አይጮህም፤ መብላት ያቆማል። መብላት ሲያቆም አንጀቱም ሥራውን ያቆማል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። እንደ ሰው ማስመለስ ስለማይችልም ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንኳ አልጾመም፤ እስከ ሰዓቱ እየበላ ነው የገባው። ስለዚህ ከቁስሉ ይልቅ አፉንና ዓይነ ምድሩን ይጠብቁልኝ። ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ከፊቱ አይጥፋ። ትኩስ ሣር፣ የካሮት ቅጠል፣ ጥቂት ቆስጣም ይስጡት። አጥሚት፣ ዳቦና እንጀራ ግን ለታመመ ሰው እንጂ ለእርሱ አይሆኑም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ፣ ወይም ክብ ክብ የሆነው ዓይነ ምድሩ ከጠፋ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ይደውሉልኝ። ኩርምት ብሎ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ጥርሱን የሚያፋጭ ከሆነም እንዲሁ።

ንጋት ላይ አፉን ወደ መቀመጫው አስጠግቶ የራሱን ለስላሳ ዓይነ ምድር ሲበላ ቢያዩ አይከልክሉት። ለጤንነቱ የግድ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ሐኪሙ ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ መከለያ ያላደረገለትም ይህን እንዳያግደው ብሎ ነው።

የሕመም ማስታገሻው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተመጥኖ ተልኳል፤ ሜሎክሲካም ይባላል። ማታ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ሲወስዱ ለእርሱም ከፊት ጥርሶቹ በስተኋላ፣ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርገው ይስጡት። እባክዎ ሁለታችሁም ሳትዘነጉ ውሰዱ። አባባ፣ አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቤት ከተረፈ አሞክሳሲሊን አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳያቀምሱት። ለሰው የሚበጀው ይህ መድኃኒት በአፍ ሲሰጠው የጥንቸልን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብቶ ሊገድለው ይችላል። ቁስሉም ላይ ቅቤም ሆነ ቅባት አይቀቡ፤ ይልሰዋል። በውኃም አይጠቡት። ቀን በቀን ማየት ብቻ ይበቃል፤ ትንሽ ማበጥ የተለመደ ነው፤ መድማት፣ መግል ወይም የስፌት መከፈት ካለ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

ለማየት ብለው ጎንበስ አይበሉ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጁ ያቅርብልዎ። አንድ እጁን ከደረቱ፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ይያዘው። በጆሮው ከተነሣ ወይም የኋላ እግሮቹ ከተንጠለጠሉ ሲፈራገጥ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። ሰጋቱራውን አውጥታችሁ ንጹሕ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉለት፤ ብናኙ ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ። የሚዘልበት ሣጥንም ለጊዜው ይነሣ። ኮምቦልቻ ላይ ሹራቡን ያወለቀ ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ መልሶ እንደሚለብስ ያውቃሉና፣ ሌሊት እንዳይበርደው ለብ ያለ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አስቀምጡለት። ከከሰሉ ምድጃ ግን ይራቅ፤ ጭሱ ለእርስዎም ሳንባ አይበጅም።

የቀረው የነጯ ጥንቸል ጉዳይ ነው። ብቻዋን ሆነች ብለው አዝነው ዳማን ወደ እርሷ እንዳይመልሱት እሰጋለሁ፤ ልብዎን አውቀዋለሁ። የተኮላሸ ጥንቸል ወዲያውኑ መካን አይሆንም፤ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ይችላል። የእርግዝናዋ ጊዜ 31 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በወለደችበት ቀንም እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። እኛ በሃይማኖታችን አንበላቸውም፤ ጎረቤቱም ሁሉ ወስዶ ጠግቧል። በመካከላቸው የዶሮ ሽቦ ይዘርጋ፤ እየተያዩና እየተሸታተቱ ከቆዩ ሲገናኙ ብዙም ላይጣሉ ይችላሉ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ድርቆሽ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ስልክዎ ቻርጅ አይለቅ፤ ሌሊት ነው፣ ልጄን ከእንቅልፍ ላስነሣት ነው ብለው እንዳይተዉት።

ልጅዎ
ከኮምቦልቻ