አባባ፣ ቱቦው ይቆፈር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አዲስ አበባ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የኩሽናው ሲንክ እንደገና ውሃ አልወርድ እንዳለው እህቴ ነገረችኝ። እርስዎም ሽቦ ይዘው ጎንበስ እንዳሉ መዋልዎን ሰማሁ። አባባ፣ ወገብዎን እያወቁት! እባክዎ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ። ገንዘቡን እልካለሁ። እርስዎ በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ሥራውን ይቆጣጠሩ።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ቱቦውን ለመክፈት ካስቲክ ሶዳ ገዝተዋል መባሉ ነው። እሱ ነገር ውሃ ሲነካው ይግላል፣ ወደ ላይም ይፈናጠራል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ቱቦው ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ደግሞ መውረጃ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀምና ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ፣ በሚፈታው ሰው ላይ ይፈሳል። ከእሱ የተረፈውን በአሲድ እንሞክር፣ በረኪናም እንጨምር እንዳይባል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ኩሽናችን ደግሞ ጠባብ ነው። ምናልባት ካስቲኩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት።

ቱቦው በየጊዜው የሚደፈነው ለምን እንደሆነ ሳስብ ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛው የውሃው ፈረቃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ዕቃ የሚታጠበው በጆግ ነው። ትንሽ ውሃ የወጥ ቅባትና የሊጥ ዕቃ እጣቢ ገፍቶ አይወስድም። መንገድ ላይ ይረጋል፣ ከዚያ የቡና አተላ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ግቢያችን ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቱቦውን አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። አጥሩ ሥር ያለው መሬት ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑን ያስታውሱ። እዚያ ጋ ቱቦው ወርዶ ሆድ ሠርቷል ብዬ እገምታለሁ። የቆመ ውሃ ያለበት ቦታ ቅባት ይጋገራል። በሽቦ ቢወጋ መሃሉ ይበሳና ውሃ ለጥቂት ቀን ያልፋል፤ ጥጋጥጉ የተጋገረው ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ነው እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ።

ስለዚህ ሠራተኛው በመጀመሪያ ባልዲ ከሥር አድርጎ፣ ጓንት አጥልቆ ሲፎኑን ይፍታና ያጽዳ። ችግሩ እዚያ ብቻ ከሆነ ተመስገን። የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ እየተንቦጫቦጨ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ከውጭ ነው፤ ይቆፈር። የተጎዳው ቱቦ ይቀየር። አዲሱ ከሥሩ አሸዋ ይነጠፍለት እንጂ በቀጥታ ዋልካው ላይ አይቀመጥ። በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከኩሽናው እስከ ፖዜቶው፣ የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዱ፣ 6 ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 12 ሴንቲ ሜትር ይመጣል ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሁን፣ ሲባጎና ውሃ ልክ ይያዝ። የፋሲል መዋኛን ውሃ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ያመጡት ሰዎች ቁልቁለቱን አስልተው እንደነበር ልጅ ሳለን የነገሩን እርስዎ ነዎት፤ ሠራተኛው ቢያንገራግር ይህንኑ ይንገሩት።

መታጠፊያው ላይ በአንድ 90 ዲግሪ ክርን ፋንታ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ይግቡ። እዚያው አጠገብ ክዳን ያለው ሌላ ፖዜቶ ይሠራ፤ ወደፊት ቢደፈን ከዚያ ይከፈታል እንጂ ሲሚንቶ አይሰበርም። ሠራተኛው ለመሄድ ቢቸኩልም፣ በርሜል ሙሉ ውሃ ተለቆ መገጣጠሚያው ሁሉ ሳይታይ አፈር እንዳይመለስ። ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለእህቴም ነግሬያታለሁ፤ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በሶፍት ይጠረጋል፣ አተላውም ለአበባው ሥር ይሆናል።

ሰኔ ሳይገባ ይጀመር አባባ። ዝናቡ ከመጣ ዋልካውን መቆፈር አይቻልም። ገንዘቡን በዚህ ሳምንት በእህቴ ሒሳብ አስገባለሁ። ጉድጓዱ ሲከፈት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ከሠራተኛው ጋርም በስልክ ታገናኘኝ።

ናፋቂ ልጅዎ